ሦስት ጊዜ የገፋሁት በር

የመኝታ ክፍላችን ወርድ ሁለት ሜትር ከአርባ ነው። ይህን ቁጥር እንደ ስሜ የማውቀው በአንድ ዓመት ውስጥ ደጋግሞ ስለተለካ ነው። ቤቱ የጭቃ ነው። ከፊት ለፊቱ ሲሚንቶ ስለተለበጠ ከአስፋልቱ ወርዶ የሚመጣ እንግዳ የብሎኬት ቤት ይመስለዋል፤ እኔም አላርመውም። ከሚሴ ውስጥ ግማሹ ሰው የሚኖረው እንዲህ ነው፤ ከፊት ሲሚንቶ፣ ከኋላ ጭቃ። ስለ ሰዎቹም ይህንኑ ማለት ይቻላል፤ ራሴን ጨምሮ።

ስለ ቤት የሚጽፉ ሰዎች በርን ይወዱታል። ተከፈተ ይላሉ፣ ተስፋ ገባ ይላሉ። ብዙ እንዲህ ያለ ነገር አንብቤአለሁ፤ አንዱንም አላመንኩም። በር ከባድ እንጨት ነው። በአንድ ጎኑ በማጠፊያ ታስሯል፣ በሌላው ጎኑ ከኋላው ያገኘውን ይመታል። ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

የእኛ ክፍል በር ወደ ውስጥ ይከፈታል። ከበሩ አጠገብ፣ በክፍሉ ጫፍ፣ ከጋብቻችን ጀምሮ የነበረ ባለ ሁለት ተከፋች ቁም ሳጥን ቆሞ ነበር። የቁም ሳጥኑ አንዱ ተከፋች ሲከፈት የክፍሉ በር መምጫ ላይ ይዘረጋል። የክፍሉ በር ከተገፋ ያንን ተከፋች መትቶ መልሶ ይዘጋዋል። ሁለቱ በአንድ ጊዜ መከፈት አይችሉም። ሃያ ዓመት እንዲህ ኖርን። ሚስቴ ልብስ የምታወጣ ከሆነ ከውስጥ "ቆይ" ትላለች፤ እኔ ከውጭ እቆማለሁ። ስትጨርስ "ግባ" ትላለች፤ እገባለሁ። ትዳራችን በእነዚህ ሁለት ቃላት ይመራ ነበር ብል ብዙ አልዋሸሁም።

በተኩሱ ቀንም "ቆይ" ብላለች።

ስለዚያ ቀን ማን እንደጀመረው፣ ማን ወደ ማን እንደተኮሰ አጥርተው የሚያውቁ ሰዎች ብዙ ናቸው። የሚገርመው፣ አንዳቸውም በዚያ ቀን ከተማው ውስጥ አልነበሩም። እኔ ነበርኩ፤ ስለዚህ አላውቅም። የማውቀው ጠዋት እንደነበረ ነው። ድምፁ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ጣራ ላይ ወጥቶ ቆርቆሮ የሚቀድ ይመስል ነበር። ቀጥሎ ሰው መሮጥ ጀመረ። ጎረቤቶቻችን በጓሮ በኩል ወደ ቦርከና ወንዝ፣ ወደ ማሽላው ውስጥ ወረዱ። እኔ ግቢ ውስጥ ፍየሎቹን ከገመድ እየፈታሁ ነበር። ሚስቴ የቤቱን ካርታና የእናቷን የብር አምባር ለማውጣት ወደ መኝታ ክፍሉ ገባች።

የመኝታ ክፍሉ ግድግዳ፣ በደረት ቁመት ላይ፣ አቧራ ሲተፋ አየሁ። ጥይቱ ሲገባ ድምፁን አልሰማሁም፤ አቧራውን ነው ያየሁት። ፍየሏን ከነገመዷ ትቼ ሮጥኩ። በሩን በትከሻዬ ገፋሁት። አንድ ነገር ያዘው። ከውስጥ ጮኸች። የተመታች መሰለኝ፤ ወድቃ በሩ ላይ የተጋደመች መሰለኝ። ወደ ኋላ ሄጄ ሁለተኛ ገፋሁት። የባሰ ጮኸች። ሦስተኛውን ባለ በሌለ ኃይሌ ገፋሁት። ቋ የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ እንጨት የተሰበረ መሰለኝ።

እንጨት አልነበረም። ቀኝ እጇን ቁም ሳጥኑ ውስጥ አስገብታ፣ በግራዋ ካርታውን ይዛ ነበር። እኔ በሩን በገፋሁ ቁጥር በሩ ተከፋቹን፣ ተከፋቹ ጣቶቿን ከቁም ሳጥኑ ጠርዝ ጋር ይቀጠቅጥ ነበር። ጥይቱ ከጭንቅላቷ አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት አልፎ ፍራሹ ውስጥ ገብቷል፤ እሷን አልነካትም። በዚያ ቀን እሷን የነካት እኔ ብቻ ነኝ።

እጇን በሽርጤ ጠቅልለን በማሽላው ውስጥ ሮጥን። ደሙ ሽርጡን አልፎ በክርኗ ይንጠባጠብ ነበር። አላለቀሰችም፤ እየሮጠች ቁርዓን ትቀራ ነበር። ጨፋ ላይ አንድ ገበሬ ቤት ከዋልን በኋላ፣ መንገዱ ሲከፈት፣ ወንድሟ ያለበት ሰንበቴ ደረስን።

ወንድሟ ከአፋር ግመልና ፍየል የሚገዛ ነጋዴ ነው። ከእሷ ያንሳል፤ እኔን ሃያ ዓመት ሙሉ አንቱ ሲለኝ የኖረ ሰው ነው። ወጌሻ ያመጣው እሱ ነው። ወጌሻው ሽማግሌ ነበር፤ ጣቶቿን አንድ በአንድ ዳሰሰ። ወንድሟ ከኋላ ትከሻዋን ይዟት ነበር። ሽማግሌው ቀና ሲል እሷን ሳይሆን እኔን ተመለከተ።

"ይኼ ጥይት አይደለም" አለ። "መውደቅም አይደለም። ይኼ በር ነው።"

"ቁም ሳጥኑ ነው" አልኩ በፍጥነት። "የቁም ሳጥኑ ተከፋች ነው የመታት።"

ሚስቴ ቀና ብላ አየችኝ። ወጌሻው አጥንቱን ሲመልሰው የወንድሟን ክንድ ነከሰች፤ ጠባሳው ዛሬም ይታያል።

ከሚሴ ሲረጋጋ እኔ ተመለስኩ፤ እሷ ቀረች። መጀመሪያ እጇ እስኪድን ነበር። እጇ ዳነ፤ ሁለቱ ጣቶቿ ተጣመው ዳኑ። ያኔም ቀረች። በስልክ እንነጋገራለን።

"መቼ ትመጫለሽ?"

"እዚያ ክፍል ድጋሚ አልገባም።"

"ለምን?"

"ለምን እንደሆነ አታውቅም?"

"ቁም ሳጥኑን አስወግደዋለሁ። የሚከፈት በር የሌለው፣ በሐዲድ ላይ የሚንሸራተት አሠራልሻለሁ።"

ከበስተኋላዋ ፍየል ይጮኻል። "እንደፈለግክ" አለች። ቆይታም "ከአረፋ በኋላ መጥቼ አያለሁ። ካልሆነልኝ ልብሴን ይዤ እመለሳለሁ" አለች።

ያነበበ ሰው አንድ ትልቅ ጥቅም አለው፤ ለጥፋቱ ሁልጊዜ ሌላ ተከሳሽ ያገኛል። እኔ ቁም ሳጥኑን አገኘሁ። የቤት ዕቃ አቀማመጥ የሰውን ዕድል እንዴት እንደሚወስን ለራሴ አስተማርኩ፤ ንግግሬ ጥሩ ነበር። አሮጌውን ቁም ሳጥን ግቢ አውጥቼ በመጥረቢያ ፈለጥኩት። ግማሽ ቀን ፈጀብኝ። ተከፋቹን ለብቻው፣ የደም ነጠብጣቡ ያለበትን ጠርዝ ደግሞ ለብቻው ፈለጥኩ። ላቤ ዓይኔ ውስጥ እየገባ፣ ፍልጡ ከሚገባው በላይ እስኪደቅ ድረስ መታሁት። ስጨርስ ፍትሕ የፈጸምኩ መሰለኝ።

የመረጥኩት አናጢ ከሚሴ ካሉት ሁሉ ተሳዳቢ ነው። ሆን ብዬ ነው። ፊት ለፊት የሚሳደብ ሰው ከኋላ አያጭበረብርም የሚል የራሴ እምነት አለኝ፤ እስካሁን አልከሸፈም። ሁሉንም ሰው አንተ ነው የሚለው፤ ቃዲውንም ጭምር። ሜትሩን ዘርግቶ ለካ። በወለሉ፣ በወገቡ፣ በኮርኒሱ በኩል ለካ።

"ሁለት ሜትር ከአርባ" አለ። "ከግድግዳ ግድግዳ ሞልቶ ይገባል። ስማ መምህር፣ የሚከፈት በር ቢጠብ ትጠርበዋለህ፣ ቢሰፋ ትለጥፍበታለህ። ተንሸራታች ግን ቀልድ አያውቅም። ሣጥኑ ከተጣመመ በሩ አይሄድም።"

"አንተ ቀጥ አድርገህ ሥራው እንጂ።"

"የእኔስ ቀጥ ነው። የአንተ ቤት ነው ሰክሮ የቆመው።"

ይህ ከአረፋ ሁለት ሳምንት በፊት ነበር።

በአካባቢያችን ለአረፋ ቤት ይለሰናል። ከበዓሉ በፊት ባለው ሳምንት ሴቶቹ ጭቃውን ከጭድና ከእበት ጋር ረግጠው፣ አቡክተው፣ ግድግዳውን ይለስናሉ፤ ከዚያ ይቀባል። በየዓመቱ አንድ ልባስ ይጨመራል። የጭቃ ቤት በየአረፋው ትንሽ ትንሽ እየጠበበ ይሄዳል ማለት ነው፤ ሃምሳ ዓመት የቆየ ቤት ውስጥ ሰው የሚወፍር የሚመስለው ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። አናጢውም እኔም እዚሁ ተወልደን ያደግን ነን። አረፋ እንደሚመጣ ሁለታችንም እናውቃለን። ነገር ግን ልስን የሴቶች ሥራ ስለሆነ፣ እንደ ትንፋሽ፣ አይታየንም። እሱ ሲለካ ትዝ አላለውም። እኔም ጭቃውን ሳቦካ ትዝ አላለኝም።

አዎ፣ እኔ ነኝ ያቦካሁት። ሚስቴ መጥታ ያልተለሰነ ቤት እንድታይ አልፈለግኩም። ከዚህ በላይ ደግሞ ቀዳዳውን እንድታይ አልፈለግኩም። ሱሪዬን ሰብስቤ ጭቃው ውስጥ ገባሁ። ጎረቤታችን፣ ከሚስቴ ጋር ሃያ ዓመት አብራ የለሰነች ሴት፣ በአጥሩ ላይ አንገቷን አውጥታ ስታየኝ ቆየች።

"መምህር፣ ወፈረ" አለች። "ለግድግዳ ነው ወይስ ለገንፎ?"

"እንዳይሰነጠቅ ነው።"

"እሱማ ሲወፍር ነው የሚሰነጠቀው።"

ትክክል ነበረች። የመጀመሪያው ልባስ ሲደርቅ ልክ ቀዳዳው ላይ ተሰንጥቆ አፉን ከፈተ። ሁለተኛ ደረብኩ። እንደገና ከፈተ። ሦስተኛውን በጡጫዬ ነው የመታሁት። ጭቃውን በእፍኝ እየያዝኩ፣ ግድግዳው ላይ እየወረወርኩ፣ በጡጫዬ እየደበደብኩ ደፈንኩት። መጨረሻ ላይ እጄ ይደማ ነበር፤ ግድግዳው ግን ለጥ ብሎ፣ ወፍሮ፣ ምንም እንዳልተፈጠረ ቆመ። ኖራ ቀባሁት። ኮራሁ።

የአረፋን ፍየል ብቻዬን አረድኩ። በተኩሱ ቀን ከነገመዷ ትቻት የሮጥኩት ያችው ፍየል ነች፤ ከዚያ ሁሉ ተርፋ። ቢላው ጥሩ አልተሳለም ነበርና በአንድ ጊዜ አልሆነም። ሁለት ጊዜ ተነሳችብኝ፤ ደሙ እስከ ደረቴ ረጨኝ። በሌሎቹ ቤቶች ሳቅና ተክቢራ ነበር፤ በእኔ ግቢ ግን አንድ ሞኝ ሰው ከፍየል ጋር ይታገል ነበር።

ሚስቴና ወንድሟ የሚመጡት ቅዳሜ ከዙሁር ሶላት በኋላ ነበር። አናጢው ጠዋት በጋሪ መጣ። ሣጥኑ ተገጣጥሞ፣ ሁለቱ ተንሸራታች በሮች ከነሐዲዳቸው ለብቻቸው ታስረው ነበር። ፈረሱ የቤታችን መግቢያ ላይ ያለችውን አቀበት እምቢ አለ። ባለ ጋሪው በአለንጋ ገረፈው፤ ፈረሱ ተንበረከከ። እንደገና ገረፈው። አናጢው ከጋሪው ወርዶ አለንጋውን ነጥቆ ጣለውና ሣጥኑን ለሦስት ተሸክመን አስገባን።

ወደ ቦታው ገፋነው። ሣጥኑ ግማሽ መንገድ ሄደና ተሰነገ። አናጢው በጉልበቱ ገፋው። ጮኸ እንጂ አልሄደም። ሜትሩን አወጣ፤ ለካ፤ እንደገና ለካ።

"ሁለት ከሠላሳ ሦስት" አለ።

"አይደለም፣ ሁለት ከአርባ ነው" አልኩ።

"ሁለት ከአርባ ነበረ። ግድግዳህ አርግዟል።" በምስማር ጫር አደረገው። ከኖራው ስር ገና ሙሉ በሙሉ ያልጠና ጭቃ ወጣ። ጣቱ ላይ ያለውን ጭቃ አሸተተው። "ማነው የለሰነው?"

"እኔ።"

ቁጭ አለ። ከዚያ በእርጋታ ጠየቀኝ፤ "መምህር፣ እስከ ዛሬ ስንት መጽሐፍ አንብበሃል?"

"ብዙ።"

"አንዱም ላይ ከተለካ በኋላ አትንካ የሚል የለም?"

"አንተስ ስትለካ አረፋ እንደሚመጣ አታውቅም ነበር?"

ከዚያ አያቴን፣ የአያቴን አያትና ያስተማሩኝን ሁሉ በተራ ሰደበ። ስድቡን ሲጨርስ ዲጂኖ ጠየቀኝ፤ ከጓሮ አመጣሁለት። ሣጥኑን ወደ ኋላ ጎትተን ግድግዳውን መምታት ጀመረ።

በመጀመሪያው ምት ኖራው እንደ ሳህን ወደቀ። በሁለተኛው የእኔ ሦስት ልባስ በአንድ ላይ ተገነጠለ። ከዚያ በኋላ ምቱ አላቆመም። የድሮው ጭቃም አብሮ መርገፍ ጀመረ፣ ጭዱ ተበጣጥሶ አየር ላይ ተንሳፈፈ፣ ማገሩ እየጮኸ ተሰበረ። ክፍሉ በአቧራ ሞላ። እኔ በመዶሻ ከታች፣ እሱ በዲጂኖ ከላይ እንመታ ነበር። ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ ደስ አለኝ። ስመታ ቆየሁ። ልክ ደረት ቁመት ላይ ሲደርስ አንድ ትልቅ ጉርሻ የሚያህል ጭቃ ተነቅሎ ወደቀ፤ ከውጭ የፀሐይ ብርሃን እንደ ብረት ዘንግ ቀጥ ብሎ ገብቶ ፍራሹ ላይ ተተከለ።

አናጢው ዲጂኖውን አቆመ። ወደ ቀዳዳው ተጠግቶ ጣቱን አስገባ። መጠኑን ጣቱ ያወቀው ይመስል ነበር።

"እኛ ቤት ጣራው ላይ ነው ያለው" አለ። "ሰባት ነው። ዝናብ ሲዘንብ ሰባት ጣሳ እናስቀምጣለን።"

ዲጂኖውን አንስቶ ከቅድሙ ይልቅ በኃይል መምታት ጀመረ።

በዚህ መሃል ነው የመጡት። ወንድሟ ቀድሞ ገባ። ከአቧራው ውስጥ እኔን መዶሻ ይዤ፣ ግድግዳውን ፈርሶ፣ ሣጥኑን በጎኑ ቆሞ አየ። የከብት መንጃ ዱላውን እንደያዘ ነበር።

"ኩን ማሊ?" አለ። ሲናደድ በኦሮምኛ ነው የሚጀምረው። "ይኼ ምንድን ነው? እህቴን ለዚህ ጉድጓድ ነው የጠራሃት?"

አንተ አለኝ። በሃያ ዓመት የመጀመሪያው ነበር።

"እየተገጠመ ነው" አልኩ። "ትንሽ የልኬት ስህተት..."

"ስለ ልኬት አልጠየቅኩህም። ሰባት ወር ዝም አልኩ። ወጌሻው በር ነው አለ። አንተ ቁም ሳጥን ነው አልክ። እሷን ስጠይቃት ታለቅሳለች። ማነው በእጇ ላይ የዘጋባት?"

"ነገርኩህ እኮ፣ ቁም ሳጥኑ..."

ዱላው ቀኝ ትከሻዬ ላይ አረፈ። በሩን የገፋሁበት ትከሻ ነው፤ እሱ ይህን አያውቅም ነበር። ሁለተኛው ጆሮዬን ልጦ አለፈ። መዶሻው ከእጄ ወደቀ። እኔ አልመለስኩም፤ ጨዋ ስለሆንኩ ሳይሆን፣ ሦስተኛውም እንደሚገባኝ ስለማውቅ ነው። ሦስተኛውን ሲያነሳ አናጢው ከኋላ አንገቱን ያዘው። ወንድሟ በክርኑ አፉ ላይ መታው። ሁለቱ ተያይዘው፣ እየተሳደቡ፣ መሬት ላይ በተጋደመው አዲስ በር ላይ ወደቁ። ሐዲዱ ከስራቸው ሲጣመም ሁላችንም ሰማነው።

"ተዉ" የሚል ድምፅ መጣ።

ሚስቴ ሳሎን ውስጥ ቆማ ነበር። ወደ መኝታ ክፍሉ አልገባችም። ከደፉ ወዲያ፣ ወደ ውስጥ ተከፍቶ በተለጠፈው በር ፊት ለፊት ቆማ እኔን ታያለች። ቀኝ እጇን በሻሿ ጫፍ ሸፍናዋለች።

"ይናገር" አለች።

ወንድሟ ተነሳ። አናጢው ከንፈሩ ደም ያንጠባጥብ ነበር። በሕይወቴ ብዙ ተናግሬአለሁ፤ በስብሰባ፣ በሠርግ፣ በለቅሶ። የዚያን ቀን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት ግድግዳውን ከማፍረስ በላይ ከበደኝ።

"በሩን የገፋሁት እኔ ነኝ" አልኩ። "ሦስት ጊዜ።"

"ሆን ብለህ?" አለ ወንድሟ።

"ላወጣት ነበር።"

"ቆይ አላለችህም?"

"ብላኛለች።"

ያኔ እሷ ጠየቀችኝ፤ ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። "ሰምተኸኝ ነበር?"

ሰባት ወር የሸሸሁት ይህን ጥያቄ ነበር። ለሌላ ሰው ብዙ መልስ አዘጋጅቼ ነበር። ተኩሱ፣ ጩኸቱ፣ ድንጋጤው። ሁሉም እውነት ነው።

"የመጀመሪያውን ቆይ አልሰማሁም" አልኳት። "ሁለተኛውን ሰምቻለሁ። የምታውቂውን ሳይሆን እኔ የማውቀውን አመንኩ። ጥይት የመታሽ መስሎኝ፣ ስትጮሂ ጨመርኩበት።"

ራሷን ነቀነቀች። ፊቷ ላይ ንዴት አልነበረም፤ ከባድ ዕቃ ያወረደ ሰው ፊት ነበር።

"ቁም ሳጥኑ ምን አደረገኝ?" አለች። "ሰባት ወር ሙሉ ቁም ሳጥን፣ ቁም ሳጥን ስትለኝ እኔ የማብድ መሰለኝ። ምስኪኑን እንጨት ፈለጥከው አሉ።"

"ፈለጥኩት።"

"ይኼን ንቀለው።" በተጣመሙት ጣቶቿ የክፍሉን በር አሳየችኝ። "እሱ እዚህ እያለ ልብሴን አልሰቅልም።"

ዲጂኖውን አነሳሁ። ትከሻዬ ይነድ ነበር። ጫፉን በማጠፊያውና በመቃኑ መሃል ሰክቼ ተንጠለጠልኩበት።

"ቪቴ ነው እኮ፣ ይፈታል" አለ አናጢው፣ ደሙን እየጠረገ። "መፍቻ አለኝ።"

አልሰማሁትም። የላይኛው ማጠፊያ ግማሹን መቃን ይዞ ተገነጠለ። የታችኛውን ስመታው በሩ ወደ እኔ ወደቀ፤ ወንድሟ በሌላው ጫፍ ያዘው። ሁለታችን ተሸክመን ግቢ አውጥተን ጣልነው። አልተያየንም። አሁን የፍየሎቹ ማደሪያ ጣራ ነው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ለማንም ሳይከፈት፣ ማንንም ሳይመታ ይውላል።

አናጢው ሐዲዱን ድንጋይ ላይ አጋድሞ በመዶሻ አቃናው። ሣጥኑን ገፋነው፤ በተጎዳው ግድግዳና በደህናው መሃል ጥብቅ ብሎ ገባ። ቀዳዳው በሣጥኑ ጎን ተሸፍኖ ቀረ። ማንም እንዲደፍነው አልተጠየቀም። በሮቹን ሰቀልን፤ ግራው ለስለስ ብሎ ሄደ። ቀኙ መሃል ሲደርስ ይይዛል፤ ሰዎቹ የወደቁበት ቦታ ነው።

"ይኼ የእኔ ጥፋት አይደለም" አለ አናጢው።

"የእኔ ነው" አለ ወንድሟ። በዚያ ቀን ሳይጠየቅ ያመነ ሰው እሱ ብቻ ነው።

ወንድሟ የአስር ሶላት ሰግዶ ሊሄድ ሲል በር ላይ፣ ማለቴ በር በነበረው ላይ፣ ቆም አለ። ትከሻዬን አየ። "ወጌሻው ጋ ሂዱ እንግዲህ" አለኝ። "ምን እንደመታዎት እሱ ያውቃል።" አንቱ ተመልሳ መጣች። ይቅርታ ነበር ወይስ ፌዝ፣ አልጠየቅኩም። እህቱን "ትመጫለሽ?" አላት። እሷ ፌስታሏን እየፈታች ነበር። "ሂድ አንተ፣ ይመሽብሃል" አለችው።

ቀኝ በኩል ያለው በር ዛሬም ይይዛል። አናጢው ሁለት ጊዜ መጥቶ፣ ሁለት ጊዜ ሰድቦኝ ሄዷል። ልብሷ ያለው በዚያ በኩል ነው። ወደ ግራ ላዛውረው ብላት እምቢ አለች። ሲይዝባት ትጠራኛለች፤ በበሩ ፋንታ በሰቀልነው መጋረጃ ፊት ቆሜ ሳል እላለሁ፤ "ግባ" ትላለች። ከሐዲዱ ሁለት እርምጃ ፈቀቅ ብላ ትቆምና ሁለቱን እጆቿን ወደ ላይ አንስታ፣ ቀጥ ያሉትንም የተጣመሙትንም ጣቶች ታሳየኛለች። ካየኋቸው በኋላ ነው የምገፋው።